ሎጉን ሳያዩ ሪስታርት፦ በቴሌግራም ለዞረው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ «እውነት ነው?» ብለው፣ አንዱ «አየህ፣ ይኸው!» ብሎ፣ አራተኛው ምንም ሳይል። ጽሑፉ የራሳቸውን ትንሽ ዌብሳይት ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። ሰርቨር (ሳይቱን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ሲያስቸግር ምን ይደረግ የሚል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ የለንም፤ ጸሐፊው ቁጭ ብለው መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። አጻጻፋቸውም ቀላል ነው፣ ጀማሪን አያስፈራም። እኔን ያላስማማኝ ምክሩ ነው።

ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። ሳይት ሲቆም ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ፤ ከደጋገመው ራም (የሰርቨሩን የሥራ ሜሞሪ) መጨመር። «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ከመጣ ፎልደሩን 777 ማድረግ፣ ማለትም ለሁሉም መክፈት። የሚሠራን ነገር አለማዘመን፣ ምክንያቱም ትንሽ ሳይት ላይ ማንም ጊዜውን አያጠፋም። ነፃ የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት (ሳይቱና ጎብኚው የሚለዋወጡት እንዲመሰጠር የሚያደርገው) ለመለማመጃ ስለሆነ ከፍሎ መግዛት። ባካፕን (የመጠባበቂያ ቅጂን) ሰርቨሩን ለሚያከራየው ሆስቲንግ ድርጅት መተው። ዲኤንኤስ (የሳይቱን ስም ከሰርቨሩ አድራሻ የሚያገናኘው መዝገብ) ከተቀየረ 48 ሰዓት መጠበቅ። በመጨረሻም፣ አማርኛ ለዳታቤዝ (የሳይቱ ጽሑፍ ለሚቀመጥበት ቋት) ስለሚከብድ ርዕስና ሊንክ በእንግሊዝኛ ቢሆን ይሻላል ይላሉ። ያጎደልኩባቸው ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ሲመክሩ አንድ ቦታ ላይ እንኳ «መጀመሪያ ሎጉን (ሰርቨሩ የገጠመውን የሚመዘግብበትን ፋይል) እዩ» አላሉም። ጠቤ ከዚህ ይጀምራል።

ሪስታርት አንዳንዴ እንደሚሠራ አልክድም። ጣጣውም እሱ ነው። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማስታወሻና የድሮ ፈተና የሚጭን ጓደኛ አለኝ። ማታ ማታ አራት ሰዓት ገደማ፣ ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ በሚገባበት ሰዓት፣ ዳታቤዙን ማግኘት አልተቻለም የሚል ነጭ ገጽ ይመጣበት ነበር። ሪስታርት ያደርጋል፣ ሳይቱ ይነሣል። በማግስቱ ያው ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከርሞ ራሙን ከ2 ጊጋ ወደ 4 አሳደገ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ሜሪላንድ ያለችውን የአክስቱን ልጅ ካርድ ለምኖ ነው። ሳይቱ አሁንም ወደቀ።

አንድ ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ አብረን ገባንበት። ራሙን ትተን ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ ጠየቅነው። 40 ጊጋው 100 በመቶ ሞልቷል። ከዚያ ውስጥ 31 ጊጋው አንድ ፋይል ነው። ቪዲዮ እንዳይመስላችሁ፣ የጽሑፍ ፋይል ነው። አንድ የተረሳ ፕለጊን (ሳይቱ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ገጽ በተከፈተ ቁጥር ያችኑ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ፣ ሲጽፍ፣ ሲጽፍ ከርሟል። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ የሚጽፍበት ያጣና ይቆማል። ሪስታርት ሲደረግ ጊዜያዊ ፋይሎች ስለሚጠረጉ ትንሽ ቦታ ይገኛል፤ እሷ እስከ ማታ ታደርሰዋለች። ፕለጊኑን አጠፋን። የሎግ ፋይሉን ባዶ አደረግነው። መሰረዝና ባዶ ማድረግ ይለያያል፤ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘውን ፋይል ብትሰርዙት ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው ወዲያው አይመለስም። ከዚያ ሎጉ በየሳምንቱ በአዲስ ፋይል እንዲጀምርና አሮጌው እንዲወገድ አደረግን። ሁሉም ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የአክስቱ ልጅ ዶላር ግን አልተመለሰም።

ሳይት ሲወድቅ ገጹ ላይ የሚወጡት የስሕተት ቁጥሮችም ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ጎብኚውን የሚቀበለውን ኤንጂን ኤክስን እንደ አስተናጋጅ፣ ገጹን የሚያዘጋጀውን ፒኤችፒን እንደ ወጥ ቤት አስቡት። 502 ሲመጣ አስተናጋጁ ወጥ ቤት ሄዶ የሚያናግረው ሰው አጥቷል። 504 ሲሆን ወጥ ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ጥብሱ ግን አልደረሰም፤ አስተናጋጁ ሌላ ነገር ካልተነገረው 60 ሰከንድ ጠብቆ ይመለሳል። 500 ብዙውን ጊዜ ወጡ ራሱ አርሯል ማለት ነው፤ ኮዱ ውስጥ የተሰበረ ነገር አለ። ሦስቱ ለየብቻ መልስ ይፈልጋሉ። ጽሑፉ ግን ለሦስቱም ሬስቶራንቱን ዘግቶ መክፈት ነው የሚያዝዘው።

ራም መጨመርም እንዲሁ። በዴቢያንና በኡቡንቱ (ሰርቨር ላይ የሚጫኑ የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ ፒኤችፒን የሚያስኬደው ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ሲጫን በአንድ ጊዜ የሚያሰማራው ቢበዛ 5 ሠራተኛ ነው። ራሙ 2 ጊጋም ይሁን 16፣ ቁጥሩን እናንተ እስካልቀየራችሁት ድረስ 5 ነው። ስድስተኛው ጎብኚ ወረፋ ይይዛል። ቤቱ ሰፋ እንጂ በሩ ያው ነው። የሚያስቀው ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ገደቤ ላይ ደርሻለሁ፣ ብትጨምሩልኝ ብሎ ሎጉ ላይ መጻፉ ነው። እርግጥ ራም ከልቡ የሚያንስበት ጊዜ አለ። ሜሞሪ ሲያልቅ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ብዙ የሚበላውን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ በትንሽ ሰርቨር ላይ ሟቹ ብዙ ጊዜ ዳታቤዙ ነው። ግን ሲገድልም ማንን እንደገደለ ይመዘግባል። ያንን አይቶ ራም የገዛ ሰው ላይ ቃል የለኝም።

777 ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1፤ ድምሩ 7። የመጀመሪያው 7 ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ሰርቨሩ ላይ ላለ ለማንኛውም ነው። ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ በሩን ነቅሎ እንደመጣል ነው። ጸሐፊው ለዓመታት ሲጠቀሙበት ምንም እንዳልሆኑ ይናገራሉ። አምናቸዋለሁ። በሩ የተነቀለ ቤትም እኮ ሌባ እስኪመጣ ድረስ ደህና ነው።

ብዙ ጊዜ ጥያቄው የቁጥር ሳይሆን የባለቤትነት ነው። ፋይሉን የጫናችሁት በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ስም ነው፤ ፒኤችፒ የሚሠራው ደግሞ በሌላ ተጠቃሚ ስም። ስለዚህ ፎቶ ልጫን ሲል ይከለከላል። መጻፍ ያለበትን ፎልደር ባለቤት አስተካክሉለት፤ ከዚያ ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 ይበቃል። የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበት ፋይል ደግሞ ከዚያም ጠበቅ ይበል።

777 ጭራሽ የማይሠራበትም አለ። ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር የቤት ፎልደሩ 750 ሆኖ ነው የሚከፈተው። ሳይታችሁን እዚያ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ዌብ ሰርቨሩ የውጭውን ደጅ አያልፍም። የውስጡን ፎልደር 777 ብታደርጉት፣ ደግማችሁ ብታደርጉት፣ 403 (መግባት ክልክል ነው የሚለው ስሕተት) ንቅንቅ አይልም። ይህን ያየ ሰው ተናዶ የቤት ፎልደሩን ራሱ 777 ያደርገዋል። በማግስቱ በቁልፉ ልግባ ሲል ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባው ፕሮግራም) አላስገባም ይለዋል፤ ማንም ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ቁልፍ አያምንማ። ለዓለም ሁሉ የተከፈተው ቤት ለባለቤቱ ተዘጋ።

አለማዘመን ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ዓርብ ማታ፣ ቅጂ ሳይይዙ፣ ሃያ ፕለጊን በአንድ ጠቅታ ማደስ እብደት ነው። ፈተና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው የጓደኛዬን ሳይት አዘምን ብባል እኔም አልነካውም። ግን እሳቸው የሚሉት «ቆይ» ሳይሆን «ተወው» ነው።

ኦክቶበር 15 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ድሩፓል የተባለው ዌብሳይት መሥሪያ አንድ ከባድ ቀዳዳ መድፈኑን አስታወቀ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የደኅንነት ቡድኑ ያወጣው ማሳሰቢያ፣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያላዘመነ ሳይት ሁሉ እንደተሰበረ ቆጥሮ ይነሣ የሚል ነበር። ሰባት ቀን አላሉም። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላው ዌብሳይት መሥሪያ ዎርድፕሬስ ሥሪት 4.7.2ን ጃንዋሪ 26 ለቀቀ፤ የተደፈነው ቀዳዳ ምን እንደነበረ የተናገረው ፌብሩዋሪ 1 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ተበላሹ። በራሱ እንዲዘምን የተተወው ዎርድፕሬስ ነገሩ ሲነገር አስቀድሞ ታድሶ ነበር። የተጎዱት ያላዘመኑት ናቸው።

«ትንሽ ሳይት ማን ያየዋል» ለሚለው ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለዶሜናችሁ (ለሳይታችሁ አድራሻ ስም) ሰርተፍኬት ባወጣችሁ ቅጽበት ስሙ ማንም ሊያነበው በሚችል የሕዝብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ያንን መዝገብ ሌት ተቀን የሚከታተሉ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) አሉ። ባለፈው ለሙከራ አንድ ንዑስ ዶሜን ከፍቼ ለሰው ሳልናገር ሻይ አፍልቼ ስመለስ፣ ሎጉ ላይ የዎርድፕሬስ መግቢያ ገጽ የሚፈልግ ጥያቄ ተደርድሮ አገኘሁ። ዎርድፕሬስ አልጫንኩበትም እኮ! ቦቱ እናንተ ማን እንደሆናችሁ ግድ የለውም። የሚፈልገው ስፓም ኢሜይል የሚልክበት ወይም የሐሰት የባንክ ገጽ የሚደብቅበት ሰርቨር ነው። ለዚያ የእናንተ ትንሽ ሳይት ይበቃዋል።

ስለ ሰርተፍኬቱ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፍኬት ሰጪ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። የዶሜን ባለቤትነትን ብቻ የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት በነፃም ተወሰደ በዶላር፣ በብሮውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ያለው ምስጠራ ያው ነው። ከፍሎ መግዛት በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚያስታውስ ይቀላል የሚለው የጸሐፊው ክርክር ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ብሮውዘሮችና ሰርተፍኬት ሰጪዎች በተስማሙት መሠረት ከማርች 15 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ሰርተፍኬት ከ200 ቀን በላይ አይቆይም። በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። የተገዛውም ቢሆን። በዚያን ጊዜ በእጅ እየገዙ መቀየር ለማን ይመቻል?

የነፃው ችግር ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው የሸተታቸው ነገር አለ። 90 ቀን ነው የሚቆየው። ሰርትቦት የተባለው አዳሽ ፕሮግራም በቀን ሁለቴ እየተነሣ ያያል፣ 30 ቀን ሲቀረው ያድሳል። ማደሱ ዝም ብሎ ከከሸፈ ግን የሚነግራችሁ የለም። ድሮ ሌትስ ኢንክሪፕት ራሱ የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ይልክ ነበር፤ በጁን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ሌላም አለ፦ ፋይሉ ታድሶ፣ ኤንጂን ኤክስ ግን አዲሱን እንዲያነብ ስላልተነገረው አሮጌውን እያሳየ ይቆያል። ስለዚህ የማደስ ሙከራውን አንዴ በእጃችሁ አስኪዱት፤ ቀኑንም ከሰርቨሩ ውጭ ሆኖ የሚከታተል ነገር አድርጉ። የስልክ ካላንደርም ቢሆን።

አሁን ባካፕ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ስለተቃጠልኩበት። የሆስቲንግ ድርጅቱ ባካፕ ለፈጣን መልሶ ማቆሚያ ጥሩ ነው፤ ትላንት የሰረዛችሁትን ገጽ ዛሬ ያመጣላችኋል። ብቸኛው ሲሆን ነው ጉዱ። ማርች 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ሆስቲንግ ድርጅት ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ማደሪያ) ተቃጠለ። አንዱ ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ወደመ፣ ከጎኑ ያለውም ተጎዳ። ባካፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አብረው አጡ።

የራስ ባካፕም ቢሆን ካልተሞከረ እምነት የለውም። ጊትላብ (የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጥ ድርጅት) ውስጥ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሙያ ደክሞት የተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ፎልደር ሰረዘ። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ መንገድ ነበራቸው። አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። የዳታቤዝ ቅጂው የሥሪት አለመጣጣም ገጥሞት ከከሸፈ ቆይቷል፤ ስለ ክሽፈቱ የሚላከው ኢሜይልም አይደርስም ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ሲባል የተነሣ ቅጂ ነው። የዚያ ስድስት ሰዓት ዳታ ቀረ።

የእኔ ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየሌሊቱ የዳታቤዝ ቅጂ የሚጨምቅ ስክሪፕት ጻፍኩ። ፎልደሩን ስከፍት ፋይሎቹ በቀን በቀናቸው ተሰልፈዋል፣ ደስ ይላል። አንድ ቀን ሲያስፈልገኝ መጠናቸውን አየሁ። ሁሉም 20 ባይት። ስምንት ወር ሙሉ 20 ባይት! የዳታቤዙን ፓስወርድ ቀይሬ ስክሪፕቱ ውስጥ መቀየሩን ረስቻለሁ። ስለዚህ ምንም አይወጣም፤ መጭመቂያው ግን ያንኑ ምንም ተቀብሎ ይጨምቀዋል። ባዶ ነገር በጂዚፕ ሲጨመቅ ልክ 20 ባይት ይሆናል። ይህን ያወቅኩት እንደዚያ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን ላፕቶፔ ላይ አውርጄ ሳይቱን ከባዶ አስነሣዋለሁ። ከተነሣ ባካፕ አለኝ እላለሁ።

የ48 ሰዓቱ ምክር በግማሽ ልክ ነው። የኔምሰርቨር (የዶሜኑ አድራሻ የት እንደሆነ የሚመልሰው ሰርቨር) ለውጥ ከሆነ የዶት ኮም መዝገብ ራሱ ያንን መረጃ ለሁለት ቀን እንዲያዝ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከሜዳ አልመጣም። የአይፒ አድራሻ (የሰርቨሩን ቁጥር) ብቻ ስትቀይሩ ግን የሚወስነው የራሳችሁ የዲኤንኤስ መዝገብ ላይ ያለው የቆይታ ጊዜ ነው። ከለውጡ አንድ ቀን በፊት ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ አድርጉት፤ ለውጡ በደቂቃዎች ውስጥ ለአብዛኛው ሰው ይደርሳል። ስለ ዶሜን ካነሣን አይቀር እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ዶሜናችንን የምናድሰው በውጭ አገር ዘመድ ካርድ ነው። ካርዱ ጊዜው ያልፋል፤ ማስታወሻው ዘመድየው በማይከፍተው ኢሜይል ይገባል፤ አንድ ቀን ሳይቱ የለም። ዶት ኮም ከተሰረዘ በኋላም 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፣ ክፍያው ግን ከማደሻው ይበልጣል። መክፈያው የዘመድየው ይሁን፤ የመገናኛ ኢሜይሉ ግን የእናንተ ይሁን።

ወደ አማርኛው ልምጣ። ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት) አንዱ ሦስት ባይት ነው የሚይዘው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ አሮጌው «ዩቲኤፍ 8» እስከ ሦስት ባይት ይቀበላል፤ ስለዚህ «ሀ» ለእሱ ብርቅ አይደለም። እሱን የሚያንቀው ኢሞጂ ነው፣ አራት ባይት ስለሆነ። ጽሑፋችሁ ???? ሆኖ የሚመጣው የዳታቤዙ ሠንጠረዥ የላቲን ፊደል ብቻ በሚያውቅ ሥርዓት ሲፈጠር ነው። ማይኤስኪውኤል እስከ 8.0 ድረስ ካልነገሩት የሚመርጠው ላቲንን ነበር፤ ያውም በስዊድን ፊደል ተራ! አዲስ ሠንጠረዥ ስትሠሩ አራት ባይት የሚቀበለውን፣ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 የሚባለውን ምረጡ። አንድ የምስራችና አንድ መርዶ፦ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ከመጣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ባይቶቹ አልጠፉም። ዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ግን ጠፍቷል።

ስለዚህ ርዕሳችሁን በአማርኛ ጻፉ። ሊንኩ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ ምክንያታቸው ባይሆንም። አንድ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። ዎርድፕሬስ ለሊንክ ስም የሚሰጠው ቦታ 200 ነው። ሲካፈል ወደ 22 ፊደል ይመጣል። ረዘም ያለ አማርኛ ርዕስ ሊንኩ ላይ ወገቡ ላይ ይቆረጣል፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም የፐርሰንት ምልክት ጫካ ይሆናል። እኔም ሊንኩን አጠር አድርጌ በላቲን ነው የምጽፈው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፣ ጽሑፉን ግን አሁንም ሰው እየተቀባበለው ነው። ሁሉንም ያሻሽሉት ብዬ አላስቸግራቸውም። አንድ መስመር ብቻ ልሰርዝ ካሉ 777 የምትለዋን ይሰርዙልኝ። በሌላው ሻይ እየጠጣን እንከራከራለን።